ከትሬንት ወዲህና ወዲያ፦ ኖቲንግሃም ታስፈራለች ወይ?

(ይህ ኖቲንግሃም ውስጥ ለወገኖቻችን በተዘጋጀ የቅዳሜ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ከቀረጻው ገልብጬ ትንሽ አስተካክየዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። በር ላይ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ ጋ ባዶ ወንበር አለ።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ከለንደን ደወሉልኝ። ልጃቸው እዚህ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ደስ ሊላቸው ሲገባ ድምፃቸው ይፈራል። «ስልኬ ላይ አነበብኩ። ከእንግሊዝ ድሃና አደገኛ ከተሞች አንዷ ናት ይላል። ልጄን ወዴት ነው የምልከው?» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ወረቀቱን (የመኖሪያ ፈቃዱን) ገና ያገኘ ስደተኛ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያዘኝ። የሱ ጥያቄ ሌላ ነው። «ኪራይ ከለንደን ይረክሳል ሲሉ ሰማሁ። እዚሁ ልቅር ወይስ በርሚንግሃም ልሂድ?»

ለሁለቱም በአንድ አፍታ የሚያልቅ መልስ አልነበረኝም። ለዚህ ነው ዛሬ ሰዓቱን የለመንኩት።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁና ከዚያ ላስረዳ። እነዚያ «ድሃ ከተሞች»፣ «አደገኛ ከተሞች» የሚሉ ዝርዝሮች ሁለት ጊዜ ያሳስቱናል። አንደኛ፣ መንገዱን ከሚገባው በላይ እንድንፈራ ያደርጉናል። ሁለተኛ፣ ቤታችን ውስጥ የተቀመጠውን ችግር እንዳናይ ያደርጉናል። እኔ ሁለተኛው ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ።

ከመስመሩ፣ ማለትም ከከተማው አስተዳደር ወሰን፣ ልጀምር። በ2021 ቆጠራ የኖቲንግሃም ከተማ ሕዝብ 323,700 ገደማ ነው። ግን ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ውጡና ዙሪያውን እዩ። ቤቱ አይቋረጥም። ከተማውና ዙሪያው አንድ ላይ ከ700 ሺህ በላይ ሰው ይኖርበታል። ሌላው ሕዝብ የት ሄደ? ከመስመሩ ውጪ ነው ያለው። ቢስተን የሚኖር ሰው በጎረቤቱ የብሮክስቶ አስተዳደር ነው የሚቆጠረው። አርኖልድና ካርልተን በጌድሊንግ። ዌስት ብሪጅፎርድ በረሽክሊፍ። እነዚህ ሰዎች ገበያቸው እዚሁ አደባባዩ ላይ ነው፣ ብዙዎቹ ሥራቸው እዚህ ነው፣ ትራሙ የእነሱም ነው። ደመወዛቸውና ጤናቸው ግን ኖቲንግሃም መዝገብ ላይ አይገባም።

ኳስ የምትወዱ ይህን ስሙ። በ1979 እና በ1980 የአውሮፓን ዋንጫ ያነሳው ኖቲንግሃም ፎረስት ሜዳው «ሲቲ ግራውንድ» ይባላል። የከተማው ሜዳ ማለት ነው። ሜዳው ያለው ግን ከትሬንት ወንዝ ማዶ፣ ረሽክሊፍ ውስጥ ነው። በሕጉ ከከተማው ውጪ! ዝነኛው የክሪኬት ሜዳ ትሬንት ብሪጅም እንደዚሁ።

ታዲያ ይህ ምን ያመጣል? በ2006 አንድ የለንደን የጥናት ተቋም ትልልቅ የእንግሊዝ ከተሞችን በወንጀል ደርድሮ ኖቲንግሃምን አንደኛ አደረጋት። ከተማዋ ተቆጣች። ቁጣው ምክንያት ነበረው። እስቲ ድግስ አስቡ። አንድ ቤተሰብ አምስት ሆኖ ይኖራል። ለልጁ ሠርግ 300 ሰው ጠራ፣ በሬ አረደ። በማግሥቱ አንድ ሰው መጥቶ የተበላውን ሥጋ ለአምስት አካፍሎ «ይህ ቤተሰብ ሥጋ ሲበላ ለጉድ ነው» ቢል ልክ ነው? ቅዳሜ ማታ መሃል ከተማ እንደዚሁ ነው። ከቢስተንም፣ ከአርኖልድም፣ ከማንስፊልድም ወጣቱ ይመጣል። ይጠጣል። ሲጣላ ወንጀሉ ለከተማዋ ይጻፋል። ሲካፈል ግን መስመሩ ውስጥ ለሚያድረው ሰው ብቻ ነው።

ይህን ስል ሁሉም የቁጥር ጨዋታ ነው ማለቴ አይደለም። እንደዚያ ብል እዋሻችኋለሁ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እዚህ ከተማ ጠመንጃ ይተኮስ ነበር። ልጆች ሞተዋል። ከተማዋ ከጥይት ጋር የተያያዘ ቅጽል ስም ወጥቶላት ነበር፤ እኔ ስሙን መድገም አልወድም፣ ምክንያቱም እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሲሰማው ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ አይቻለሁ። ያ ዘመን አልፏል፤ የጠመንጃው ነገር ከዚያ በኋላ በጣም ቀንሷል። ስሙ ግን ቀረ።

ሰኔ 13 ቀን 2023 የሆነውንም አልዘለውም። ንጋት ላይ ሁለት የ19 ዓመት ተማሪዎችና አንድ የ65 ዓመት የትምህርት ቤት ጠባቂ በስለት ተገደሉ። ገዳዩ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ነበር፤ ለሕክምና ተቋማትም ለፖሊስም አዲስ አልነበረም። ጥቁር ስደተኛ መሆኑ ሲሰማ ብዙዎቻችን ቤታችን ዘግተን ተቀመጥን። ያን ሳምንት ግን አደባባዩ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቆሞ ነበር፣ የሟቾቹ ቤተሰቦችም በዚያ ሐዘን ውስጥ ሆነው ለጥላቻ ቦታ እንዳይሰጥ ነው የለመኑት። ያን ቀን እዚያ ነበርኩ። የሚያስፈራውን የቱ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ደህና አድርጌ ያየሁት። የታመመን ሰው የሚከታተል ሲጠፋ ነው የሚያስፈራው።

አሁን ወደ ድህነቱ። እንግሊዞች ለእነዚህ ዝርዝሮች «ድህነት» አይሉም። ዴፕሪቬሽን ነው የሚሉት፣ በእኛ «እጦት» ብለው ይሻለኛል። ድህነት ኪስ ባዶ ሲሆን ነው። እጦት ሰፋ ይላል። ሐኪም ጋ ለመድረስ የሚሄዱት ርቀትም፣ የቤቱ እርጥበትም፣ ልጁ ትምህርት የተወበት ዕድሜም ይገባበታል።

የመንግሥት መለኪያ አለ። የ2019ኙ እንግሊዝን በሙሉ 32,844 ትንንሽ ሰፈሮች ላይ ከፈላት። አንዱ ሰፈር በአማካይ 1,500 ሰው ነው። እኛ አገር አንድ ትልቅ ዕድር የሚያቅፈውን ያህል በሉት። ከዚያ እያንዳንዱን በሰባት ነገር ይመዝናል። ገቢ 22.5 በመቶ፣ ሥራ 22.5 በመቶ፣ ትምህርትና ጤና 13.5፣ 13.5። የቀሩት ሦስቱ፣ ማለትም ወንጀል፣ የመኖሪያ ቤትና የአገልግሎት ነገር፣ የአካባቢው ሁኔታ፣ እያንዳንዳቸው 9.3 በመቶ ናቸው።

እስቲ ልብ በሉ። ወንጀል ከአሥር እጅ አንድ እጅ አይሞላም! ኖቲንግሃም በዚያ ዓመት ከ317 አስተዳደሮች በእጦት ብዛት 11ኛ ሆና ነበር። ያች እናት ስልካቸው ላይ ያዩት ይህን ነው። «11ኛ» ሲሉ የሚታያቸው ሌባ ነው። መለኪያው የሚያወራው ግን ግማሽ ያህሉን ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ነው።

ደግሞ መለኪያው የሚመዝነው ሰፈርን እንጂ ሰውን አይደለም። እጦት በበዛበት ሰፈር ደህና የሚኖር አለ፣ ደህና በሚባል ሰፈርም ማታ ማታ ማሞቂያ ዘግተው በብርድ ልብስ የሚቀመጡ አሮጊት አሉ።

ለእኛ ይህ ነገር የሚከብደን አገራችን እንደዚህ ስላልነበረ ይመስለኛል። እኔ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። የቪላው አጥር ጥግ የቀበሌ ቤት ነበር። የሚኒስትር ልጅና የዘበኛ ልጅ አንድ ሱቅ ከረሜላ ይገዛሉ። ሀብታሙ ድሃውን ያየዋል፣ ድሃውም ቢቸግረው በር ያንኳኳል። አሁን አዲስ አበባም እየተለወጠች ነው ይላሉ፣ እኔ የማወራው ያደግኩባትን ነው። እዚህ ግን ተለያይተው ነው የሚኖሩት። ተለያይተውም በጣም ቅርብ ናቸው።

ሜዶውስን የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። ብዙ ናችሁ፣ ጥሩ። ከባቡር ጣቢያው በስተጀርባ ያለው ሰፈር ነው። ከተማው ውስጥ እጦት ከበዛባቸው አንዱ ነው። ከሜዶውስ ወደ ወንዙ ወርዳችሁ ለእግረኛ የተሠራውን የሽቦ ድልድይ ተሻገሩ። ሕዝቡ «ሳስፔንሽን ብሪጅ» ይለዋል፣ ከ1906 ጀምሮ አለ። ሰው ብቻ አይደለም የሚያሳልፈው፤ ውሃም በቧንቧ ያሻግራል። ከድልድዩ ወዲያ ዌስት ብሪጅፎርድ ነው። ዛፉ፣ ካፌው፣ ቤቱ ሌላ ነው። የረሽክሊፍ አስተዳደር ደግሞ እጦት እጅግ ካነሰባቸው የእንግሊዝ አስተዳደሮች አንዱ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ድልድዩን የማቋረጥ ያህል ነው። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይደረስበታል።

ታዲያ ሜዶውስ ለምን ሆነ እንደዚህ? ሰው ስለከፋ? አይደለም። ግማሹ መልስ ካርታው ላይ አለ። በ1970ዎቹ የድሮዎቹን ቤቶች ብዙውን ክፍል አፈረሱና መኪናና እግረኛ የሚለያይበት አዲስ አሠራር አመጡ። ሐሳቡ ልጆች መኪና ሳይፈሩ እንዲጫወቱ ነበር። ደግ ሐሳብ ነው። የሆነው ግን ቤቶቹ ጀርባቸውን ለመንገድ ሰጡ። መሃላቸው ጠባብ፣ ጠማማ፣ ማንም ከመስኮት የማያየው መተላለፊያ በዛ። ማታ ከሥራ ስትመለሱ አንዱ መታጠፊያ ላይ ልባችሁ ድው ድው የሚለው ሕዝቡ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ማንም ስለማያያችሁ ነው። ሃይሰን ግሪንም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። አሁን አስዳ ሱፐርማርኬት የቆመበት ቦታ ላይ በ1960ዎቹ የተሠሩ ትልልቅ ሕንፃዎች ነበሩ። ሃያ ምናምን ዓመት አልቆዩም፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ፈረሱ። ኗሪው መጥፎ ስም ወጣለት። ሕንፃውን የነደፈው ሰው ስም ግን አልጠፋም።

ሌላው ግማሽ መልስ ሥራ ነው። ይህ ከተማ የሠራተኛ ከተማ ነበር። ዳንቴል ይሠራ ነበር፤ ሌስ ማርኬት የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ራሌ ብስክሌት እዚህ ነበር የሚሠራው። አባቶቻችን የሚያውቁት ራሌ! የፕሌየርስ ሲጋራ እዚህ ነበር። የመድኃኒት መደብሩ ቡትስ እዚሁ ነው የተወለደው፣ በ1849። ዙሪያውን ደግሞ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ነበር። ከካሪቢያን የመጡ ብዙ ጥቁር ወንድሞች ጌድሊንግ ጉድጓድ ውስጥ ሠርተዋል፤ ያ ጉድጓድ በ1991 ተዘጋ። ራሌ እዚህ ብስክሌት መሥራቱን በ2002 አቆመ። የሲጋራው ፋብሪካ በ2016። ራሌ በነበረበት አካባቢ አሁን የዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። የዚያች እናት ልጅ ምናልባት እዚያ ይማራል።

አሁን የእኛ ሰው የት ነው የሚሠራው? ታውቁታላችሁ። ዌርሃውስ (መጋዘን)፣ ጽዳት፣ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ ምግብ ማድረስ። አብዛኛው በኤጀንሲ በኩል ነው። ዛሬ አለ፣ ነገ በመልእክት «አትምጣ» ይሉሃል።

አንድ የድሮ ጥናት ልንገራችሁ፤ እኔን በጣም የነካኝ ነው። በ1960ዎቹ ኬን ኮትስና ሪቻርድ ሲልበርን የሚባሉ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ማታ ማታ ከሚያስተምሯቸው ሰዎች ጋር ሆነው ሴንት አንስ የሚባለው የከተማችን ሰፈር ገቡ። ቤት ለቤት አንኳኩተው ጠየቁ። ያኔ እንግሊዝ ድህነት አልቋል ብላ ታምን ነበር። ያገኙት ምንድን ነው? ብዙዎቹ ድሆች ሥራ የፈቱ አልነበሩም። ሙሉ ቀን የሚሠሩ ናቸው። ደመወዙ ነው የማይበቃው። ይህን ያነበብኩ ቀን ሁለት ሥራ የሚሠራ ጎረቤቴን አሰብኩ። ስድሳ ዓመት ሊሆን ነው፣ መልሱ አልተለወጠም። ሴንት አንስን ግን አፈረሱት። የድሮው ሰፈር ሲፈርስ ቤቱ ተለወጠ፣ ደመወዙ እንደነበረ ቀረ።

በነገራችን ላይ ሴንት አንስ ሌላም ታሪክ አለው። ነሐሴ 23 ቀን 1958 ማታ ነጮችና ከካሪቢያን የመጡ ጥቁሮች እዚያ ተጋጭተው ነበር። የለንደኑ የኖቲንግ ሂል ግጭት ከመነሳቱ ትንሽ ቀደም ብሎ። በነሐሴ 2024፣ ሳውዝፖርት ውስጥ ሦስት ትንንሽ ልጆች ከተገደሉ በኋላ፣ ሮዘራም ላይ ስደተኞች ያሉበትን ሆቴል ረብሸኞች ሊያቃጥሉ ሲሞክሩ በስልክ ስታዩ የፈራችሁትን ፍርሃት፣ እነዚያ ሰዎች በ1958 እዚሁ ከተማ ፈርተውታል። ግን አልሄዱም። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ መምህር፣ ነርስ፣ የከተማ ምክር ቤት አባል ሆነዋል።

እሺ፣ አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። ቤት።

እኔ እዚህ መጀመሪያ የተከራየሁት ራድፎርድ አጠገብ ነው። ረድፍ የያዘ የቀይ ጡብ ቤት። ባለቤቱን በስም አልጠራም። ገና በጥቅምት የመኝታ ክፍሉ ጥግ ጠቆረ። ባለቤቴ በበረኪና ታጥበዋለች፣ በሁለተኛው ሳምንት ይመለሳል። ልጃችን ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሌሊት ትስላለች። እኛ «የፈረንጅ አገር ብርድ ነው፣ ትለምደዋለች» አልን። ለአከራዩ ስንነግረው «መስኮት ክፈቱ፣ ልብስ ቤት ውስጥ አታስጡ» አለን። ታዲያ በጥር የት ይሰጣ? ሁለት ክረምት እንደዚያ ኖርን። ያን ሁለት ዓመት ሙሉ ባለቤቴ ማታ ከወጣሁ እስክመለስ አትተኛም ነበር፤ መንገድ ላይ የሆነ ነገር ያገኘኛል ብላ። መንገድ ላይ ምንም አልደረሰብኝም። ልጃችንን ሲጎዳት የነበረው እኛው አልጋ ራስጌ ላይ ነበር።

ለዚህ ነው ዝርዝሩ ሁለት ጊዜ ያሳስተናል ያልኩት። ወደ ውጪ እንድናይ አደረገን።

ጤናን በተመለከተ አንድ ቁጥር ብቻ ልስጣችሁ። እዚህ ከተማ ሰው በጤና የሚኖርበት ዕድሜ በአማካይ 60 አይሞላም። ልብ በሉ፣ የሚሞትበት አይደለም፤ ሕመም ሳይጫነው የሚኖርበት ነው። ጡረታ ሳይደርስ ሰውነቱ ይደክማል ማለት ነው። ይህን ሌባ አላመጣውም። እርጥብ ቤት፣ የሌሊት ሥራ፣ ርካሽ ምግብ፣ ሲጋራ፣ ጭንቀት ነው ያመጣው።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ከ2018 ጀምሮ በዚህ ከተማ አብዛኛው ሰፈር ውስጥ ቤት የሚያከራይ የግል ባለቤት ከካውንስል (ከከተማው አስተዳደር) ፈቃድ እንዲያወጣ ተደርጓል። የፈቃዱ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው። ቤት ከመያዛችሁ በፊት አድራሻውን መዝገቡ ላይ ፈልጉ። ፈቃድ ከሌለው ቆም በሉ። ጥቁረቱን በስልክ አንሱ፣ ቀኑ ይታይ፣ ለአከራዩ በጽሑፍ ላኩ። በቃል የተነገረ ነገር እዚህ አገር አልተነገረም። እኔ ይህን ያወቅኩት ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ነው፣ እናንተ ግን ዛሬ ሰማችሁ።

ካውንስል ስል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ አላችሁ። ይገባኛል። ኅዳር 2023 ላይ የኖቲንግሃም ካውንስል በጀቴን ማመጣጠን አልቻልኩም ብሎ በይፋ አስታወቀ። ሕዝቡ «ከሰረ» ይለዋል። በዚያው ሳምንት፣ አስቡት፣ አዲሱን ትልቅ ቤተ መጻሕፍት መሃል ከተማ ከፈተ። በቀጣዩ የካቲት መንግሥት የራሱን ኮሚሽነሮች ላከበት። ምክንያቱ ብዙ ነው። ከለንደን የሚመጣው ገንዘብ ለዓመታት ተቀንሷል። የአረጋውያንና የሕፃናት እንክብካቤ ወጪ ጨምሯል። የራሱም ጥፋት አለ፤ ሮቢን ሁድ ኢነርጂ የሚባል የመብራትና የጋዝ ድርጅት በ2015 አቁሞ በ2020 ሲዘጋ 38 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ጠፍቷል። ለድሃው ርካሽ መብራት ላቅርብ ብሎ ነው የገባበት። ሐሳቡ ደግ ነበር፣ ገንዘቡ ግን የድሃው ነበር። ያ ያሳዝነኛል።

መስመሩ እዚህም ይመጣል። ካውንስል ታክስ፣ ማለትም በየቤቱ የሚከፈለው የከተማ ግብር፣ ከእንግሊዝ ከፍተኛ ከሆኑት አንዱ እዚህ ነው። ለምን? ብዙው ቤት ትንሽና ርካሽ ነው፣ ስለዚህ ከአንዱ ቤት የሚገኘው ጥቂት ነው። ተማሪዎች ብቻ የሚኖሩበት ቤት ደግሞ ምንም አይከፍልም፣ ሁለት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። ከፍ ያለ ገቢ ያለው ሰው ግብሩን ከወንዙ ማዶ ይከፍላል። መንገዱን ግን እዚህ ይነዳበታል። እዚህ ጋ ለካውንስሉ አንድ ነገር አመሰግናለሁ። ከ2012 ጀምሮ 11 እና ከዚያ በላይ የሠራተኛ መኪና ማቆሚያ ያላቸው ቀጣሪዎች ለእያንዳንዱ ቦታ ይከፍላሉ፤ በብሪታንያ የመጀመሪያው ነው። በዚያ ገንዘብ ድጋፍ ትራሙ በ2015 ወደ ክሊፍተንና ወደ ቢስተን ተዘረጋ። ክሊፍተን የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። መኪና ለሌለው ሰው ትራም ማለት ሥራ ማለት ነው።

ስለ ኑሮ ጥራት ሲወራ እንደዚህ ያለው አይነገርም። አውቶቡሱ እስከ እኩለ ሌሊት ይመጣል። ወላተን ፓርክ በነጻ ነው፤ ልጆቻችሁን ውሰዱ፣ አጋዘን ያያሉ። ፎረስት በሚባለው መናፈሻ (የኳሱ ሜዳ አይደለም) በየዓመቱ ጉዝ ፌር አለ፣ ከ700 ዓመት በላይ የቆየ ገበያ። ቤተ መጻሕፍቱ ይሞቃል፣ ኢንተርኔት አለው፣ ማንም «ምን ፈልገህ ነው» አይልህም። ሃይሰን ግሪን ጤፍም በርበሬም ይገኛል። ኤርትራዊው፣ ሱዳናዊው፣ ፓኪስታኑ፣ ጃማይካዊው ጎን ለጎን ነው። ዝርዝሩ ይህን ሰፈር «እጦት» ብሎ ይፈርጀዋል። ለእኛ ግን ገንፎ ያመጡልን ጎረቤቶች ያሉት እዚያ ነው፣ እናም አንድ ሰፈር ምን እንዳጣ ብቻ ሳይሆን ምን እንዳለውም የሚቆጥር መለኪያ ቢኖር ደስ ይለኛል።

ለእህቶቼ አንድ ነገር። በ2016 የኖቲንግሃምሻየር ፖሊስ ሴትን በሴትነቷ ማስፈራራትንና መስደብን እንደ ጥላቻ ወንጀል መመዝገብ ጀመረ። በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ፌርማታ ላይ አንድ ሰው ቢያስፈራራሽ «ምንም አልነካኝም» ብለሽ አትለፊው። አስቸኳይ ከሆነ 999፣ ካልሆነ 101። እኛ ከመጣንበት አገር ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። አስተርጓሚ ጠይቂ፤ ይሰጥሻል። ካልተመዘገበ አልሆነም ነው የሚሉት።

አሁን ለዚያ ወጣት። እዚህ አለህ፣ አይቼሃለሁ። ኪራዩ ከለንደን ይረክሳል፤ እውነት ነው። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ወረቀት ስታገኝ ከሆም ኦፊስ (የስደተኞችን ጉዳይ ከሚያየው መሥሪያ ቤት) ቤት እንድትወጣ የሚሰጥህ ጊዜ ለብዙ ዓመታት የተለመደው 28 ቀን ነው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለው የመንግሥት ድጎማ የመጀመሪያውን ክፍያ ለመስጠት አምስት ሳምንት ይወስዳል። 35 ቀን። ልዩነቱን አየኸው? ያችን ሳምንት ነው ሰው ጎዳና ላይ የሚያድርባት። ብቻህን ከሆንክና 35 ዓመት ካልሞላህ ደግሞ የኪራይ ድጋፉ ባብዛኛው የአንድ ክፍል ነው። ስለዚህ ወረቀቱ የመጣ ቀን ደስ ይበልህ፣ በማግሥቱ ግን ጠዋት ካውንስል ሄደህ ቤት አልባ ልሆን ነው በል። ቀኑ ሲያልቅ አይደለም፣ በማግሥቱ። በርሚንግሃምም ብትሄድ ይህ አይቀርልህም። እዚህ ግን የሚያውቅህ ሰው አለ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብቻ ስንት ሰው እንዳለ ዞር ብለህ እይ።

ለእናትየውም መልሼ ደወልኩ። «ይምጣ» አልኳቸው። የፖሊስ ድረ ገጽ ላይ የሚከራይበትን መንገድ ፖስት ኮድ አስገብተው በየወሩ የተመዘገበውን ማየት እንደሚችሉ ነገርኳቸው፤ የከተማ ደረጃ አይዩ፣ መንገዱን ይዩ። ሌሊት ከመሃል ከተማ ብቻውን በእግሩ አይመለስ። ከዚያ «ቤቱን ሲያይ ምን ይጠይቅ?» አሉኝ። ማሞቂያው ይሠራ እንደሆነ፣ ግድግዳው ጥግ ላይ አዲስ ቀለም ተቀብቶ እንደሆነ ይመልከት አልኳቸው። አዲስ ቀለም አንድ ጥግ ላይ ብቻ ከሆነ የሚሸፍነው ነገር አለ። ዝም አሉ። ከዚያ «ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር» አሉ።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ የሚመቻችሁ ካላችሁ ስምንት ሰዓት ላይ ሜዶውስ ትራም ፌርማታ እንገናኝ። መተላለፊያዎቹን አሳያችኋለሁ፣ ከዚያ በሽቦው ድልድይ ወደ ማዶ እንሻገራለን። ልጆች ይምጡ። ወንዙ ዳር ነፋስ ስላለ ጃኬት ያዙ።